የዕቁብ ወንበርሽን ለህይወት ሊሰጧት ነው

ውድ ጸዳለ፣

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ተረጂልኝ፤ ልጃችን ህይወት የከሰረችው ላንቺ ብላ በተበደረችው ገንዘብ ነው። ይህን የምናውቀው እሷና እኔ ብቻ ነን። ከተለያየን ስድስት ዓመት አለፈ፤ ለማንም አልተናገርንም። አደራሽን ጠብቀናል። ዛሬ የምጽፍልሽ ግን ያ አደራ ስለከበደኝ ነው።

መጀመሪያውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ መጨረሻውን ግን ስላላየሽ በቅደም ተከተል ላስረዳሽ። የዕቁቡ ዳኛ አንቺ ነበርሽ። ዋስ ሆነሽ ያስገባሽው ሰው ገና በጠዋቱ ዕጣ ወጣለትና ገንዘቡን ይዞ ወደ ፐርዝ ከተማ ጠፋ። ሌላ ዳኛ ቢሆን አባላቱን ሰብስቦ ተበላን ይላቸው ነበር። አንቺ «በእኔ እጅ የሰው ገንዘብ አይጠፋም» አልሽ። ለእኛ ለጡረተኞች የሚያበድር ባንክ ስላልነበረ ህይወት በደመወዟ ፈርማ ተበደረች። ያ አልበቃ ሲል በሁለት ክሬዲት ካርድ ጨመረችበት። እያንዳንዱ አባል ዕጣውን በሰዓቱ ወሰደ። የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ውስጥ ተነሥተው ሲያጨበጭቡልሽ እኔም አጨበጨብኩ።

ከዚያ ታመምሽ። ህይወት አንቺን ለማስታመም ሺፍቷን ቀነሰች፤ ወለዱ ግን አልቀነሰም። ካረፍሽ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ ብትደምረው ከአቅሟ በላይ ሆነና ኪሳራ አወጀች። እዚህ ባንክራፕት ይሉታል። ሦስት ዓመት ሙሉ ገቢዋና ወጪዋ በኪሳራ አስተዳዳሪ ቁጥጥር ሥር ነበር። አዲስ አበባ የአክስቷ ልጅ ስታገባ እንኳ ከአገር ለመውጣት ፈቃድ መጠየቅ ነበረባት፣ ልክ ከክፍል ለመውጣት እጁን እንደሚያወጣ ተማሪ። አፈረችና ቀረች። ለዘመዶቿ ሥራ በዝቶባት ነው አልኳቸው።

ቤቱም እንደተውሽው አይደለም። ፖይንት ኩክ ሰፈር ተከራይተን የኖርንበትን ቤት ባለቤቱ ሸጠው። ሌላ ተከራየን፤ እሱንም ልጄን ላስገባበት ነው ብሎ አስለቀቀን። አሁን ዌሪቢ ነን። የልጅ ልጃችን ሶስና ትምህርት ቤት ስትቀያይር ሰነበተች፤ ይህ ለአንድ ልጅ ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። የሳለችውን ሥዕል ግድግዳው ላይ ልሰቅልላት መዶሻ ሳነሣ «ግራንድፓ፣ ኖ! ኢንስፔክሽን አለ» አለችኝ፤ የአከራዩ ወኪል ቤቱን ሊፈትሽ ይመጣል ማለቷ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሥዕሉን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍነው።

ህይወት ቤት ልትገዛ የተነሣችው ያን ቀን ይመስለኛል። እኔም አስተማሪ ነበርኩና የማውቀው አንድ ዘዴ ነው፤ የወደቀን ተማሪ ከቀላሉ መልመጃ አስጀምራለሁ። አበዳሪዎች እንደገና እንዲያምኗት ስልኩን በስሟ አደረግን፤ መብራቱንና ጋዙንም እንዲሁ። ክፍያቸው አንድም ቀን አልዘገየም። ቆይቶ የብድር ጣሪያዋ ዝቅ ያለ አንዲት ክሬዲት ካርድ ሰጧት። ለባቡርና ለቤንዚን ብቻ ትጠቀምባታለች፤ ወሩ ሲያልቅ ሙሉውን ትከፍላለች። ማጠቢያ ማሽኑ ሲበላሽ የሱቁ ሻጭ አሁን ውሰጂ፣ ኋላ ትከፍያለሽ ቢላት አሮጌ ማሽን በጥሬ ገንዘብ ገዝተን ወጣን። አንድ ሰሞን ለሦስት አበዳሪዎች በአንዴ ላመልክት ስትል ከለከልኳት፤ እያንዳንዱ ጥያቄ የብድር ታሪኳ በሚመዘገብበት ክሬዲት ፋይሏ ላይ ይቀመጣል፣ ሲበዛም አበዳሪን ያሸሻልና። «አባዬ፣ አንተ እኮ አሁንም ፈተና እያረምክ ነው» ትለኛለች። ትቆጣለች፤ ግን ትሰማኛለች።

የኪሳራው ምልክት ከክሬዲት ፋይሏ የወጣው በዚህ ዓመት ነው። በመንግሥት የከሳሪዎች መዝገብ ላይ ግን ስሟ እስከ ወዲያኛው ይኖራል። የቤት ብድር የሚያፈላልግላት ብሮከር ጥቂት ወራት ታገሡ ብሎናል፤ አበዳሪው የቅርቡን የባንክ መግለጫ መስመር በመስመር ስለሚያይ፣ በሒሳቧ ውስጥ ከደመወዟና ከቁጠባዋ በቀር ምንም አይግባ፣ ምንም አይውጣ አለ። ዳር ደርሰናል ጸዳለ። ከባቡር ጣቢያው ራቅ ያለች ትንሽ ቤት አይተናል። ሶስና የምትሰቅልበትን ግድግዳ መርጣለች።

አሁን ወደ መራራው ልምጣ። ህይወት መክሰሯ እንደተሰማ ከዕቁብሽ ሰዎች አንድም እግር ደጃችንን አልረገጠም። ባለፈው ዓመት ከቅዳሴ በኋላ አዳራሹ ውስጥ ምሳ ይዤ ቆሜ፣ ከኋላዬ አንዷ «እናቷ እንደዚያ የተከበረች ሴት፣ ይቺ ባንክ የበላች ልጅ በማን ወጣች?» ስትል ሰማሁ። ሌላዋ ሳቀች። ሁለቱም በህይወት ብድር ዕጣቸውን የወሰዱ ናቸው። ዞሬ አንድ ቃል ብናገር በቃ ነበር። ሳህኔን አስቀምጬ ወጣሁ። ያን ቀን በጣም ተናደድኩብሽ። መቃብርሽ ድረስ መጥቼ አበባውን ሳላስቀምጥ የተመለስኩት ያን ቀን ነው፤ ካላየሽኝ አሁን እወቂው።

ባለፈው እሑድ ደግሞ እትዬ አበበች፣ የዕቁቡ ጸሐፊ፣ ሁለት ሴቶች አስከትላ ድፎ ዳቦ ይዛ መጣች። ዕቁቡ እንደገና ሊጀመር ነው አለች። «ህይወትዬ፣ ያለፈው አለፈ፤ ይቅር ብለንሻል» ስትላት ዳቦውን የምቆርስበት ቢላዋ እጄ ላይ ቀረ። ይቅር ብለንሻል! ቀጠለች፦ «የእናትሽ ወንበር ባዶውን አይቅር። ዳኛችን አንቺ ሁኚ። ገንዘቡ ባንቺ ባንክ ይግባ፣ ባንቺ ይውጣ፤ እኛ በፌስታል ይዘን መዞር ሰልችቶናል። ለጋሼ መኰንን እንዳንሰጣቸው፣ የዘገየውን ሁሉ እንደ ተማሪ ያንበረክካሉ!» ሁሉም ወደ እኔ እያዩ ሳቁ። ህይወት ግን እንባዋ መጣ። ስድስት ዓመት አንገቷን ደፍታ ለኖረች ልጅ በሰው ፊት የእናትሽ ወንበር መባል ምን እንደሆነ አየሁ። «ላስብበት» አለቻቸው። ያንቺን ላስብበት አውቀዋለሁ፤ እሺ ማለት ነበር።

ዕቁብን አልጠላም። ዌሪቢ እርሻ ላይ ጎመን ስንለቅም፣ ጓንትሽ ረጥቦ ጣቶችሽን ብብቴ ሥር ስታሞቂ፣ ዞር ብሎ ያየን ባንክ አልነበረም። የመጀመሪያዋን መኪና የገዛልን ዕቁብ ነው። መኪናዋ ውስጥ ማሞቂያውን ከፍተሽ መንገዱን ሙሉ የዘፈንሽው እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። ግን የዚያ ሁሉ ሰው ገንዘብ በህይወት ሒሳብ ከተመላለሰ አበዳሪው የማን ነው ይላል፤ የራሷ ቁጠባም ይጠረጠራል። እንደገና አንድ ሰው ዕቁቡን በልቶ ቢጠፋ ደግሞ ከፋይዋ እሷ ናት። ይህን ስነግራት «እማዬ ብትሆን እምቢ ትል ነበር?» አለችኝ። እምቢ አትይም ነበር።

እሑድ መልስ ሊሰሙ ይመጣሉ። ያለ ምክንያት እምቢ ካለች ድሮም ባንክ የበላች ይሏታል። እሺ ካለች ቤቱ ይቀራል። ሦስተኛው መንገድ እውነቱን መናገር ነው፤ እሱን ደግሞ ሆስፒታል አልጋሽ ላይ ሆነሽ እጄን ይዘሽ፣ ሰዎቹ እንዳይሰሙ አስምለሽ ዘግተሽብኛል። ያንቺ ክብር የተጠበቀው በልጅሽ ውርደት መሆኑን ያኔ ያሰብሽው አይመስለኝም። አስበሽው ከሆነ ግን እሱን ብትነግሪኝ ደስ አይለኝም።

አልረሳሽም። ጎመን የለቀመውን እጅሽንም፣ ልጄን ለሰው ጭብጨባ የሰጠውን እጅሽንም አስታውሳለሁ፤ አንዱን መርጬ ሌላውን አልተውም። የምለምንሽ ከመሐላዬ እንድትፈቺኝ ነው። በሕልምም ቢሆን ነይና አንድ ቃል በይኝ። እስከ ቅዳሜ ከቀረሽ ዝምታሽን እንደ እሺታ ቆጥሬ፣ እሑድ እትዬ አበበች ዳቦዋን ሳታስቀምጥ ሁሉንም እነግራታለሁ። ስለዚህ የምትይው ካለሽ፣ ጸዳለዬ፣ ቶሎ መልሺልኝ።

ባለቤትሽ መኰንን