የዘበኛው ማንኮራፋት

ጥቅምት 4
ዛሬ ሁለት ቡድን ጎብኚ ድልድዩ ላይ አዞርኩ። ከሐዲዱ ጎን ያለችው የእግረኛ መንገድ ጠባብ ናት፤ አንድ ወፍራም ሰውዬ ፎቶ ላንሳ ካለ ሰልፉ ሁሉ ይቆማል። እንደ ልማዴ ሦስተኛው ምሰሶ ጋ አቆምኳቸው። "ሌላው ሁሉ ድንጋይ ሆኖ ይሄ ብቻ ለምን ሲሚንቶ ሆነ?" ማንም አያውቅም። ደስ ይለኛል። ከዚያ የጎርፉ ታሪክ... ሊነጋጋ ሲል ምሰሶው ተናደ፣ ባቡሩ እየመጣ ነው፣ የድልድዩ ዘበኛ "አባ እንቅልፉ" ግን ጎጆው ውስጥ... አንኮራፋሁላቸው። በሳቅ ፈረሱ። ቀጥሎ ባቡር ነጂው አያቴ፣ የእማዬ አባት፣ አደጋውን በገዛ ዓይኑ አይቶ ፍሬን ሲይዝ። የተሸለመውን የኪስ ሰዓት ከኪሴ አወጣሁ። አጨበጨቡ።

ማንኮራፋቱን እያሻሻልኩት መጥቻለሁ።

ጥቅምት 6
ዝናብ። ማንም አልመጣም።

ጥቅምት 9
አንዲት ጥቁር ጃንጥላ የያዙ አሮጊት ነበሩ። ሰው ሁሉ ሲስቅ እሳቸው ወንዙን ያያሉ። ቀልዱ አልገባቸውም ብዬ ጨምሬ አንኮራፋሁ! ሰዉ ሲበተን ጠጋ አሉ።

"ድምፅህ ያምራል ልጄ።"

"አመሰግናለሁ እማማ።"

"አባቴ ግን አያንኮራፋም ነበር።"

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ይቅርታ ማለት ሲገባኝ ምን አልኩ? "እኛም የተነገረን እንዲህ ነው።" እንዲህ ነው! ማንኮራፋቱንም ተነግሮኝ ነው?

አባታቸው ፋኖስ እያወዛወዙ በሐዲዱ ላይ ሮጠው ነው ባቡሩን ያስቆሙት። "ነጂውን ጠይቁት" ብለው ለመኑ። ነጂው ዝም አለ። ተኝተህ ነበር ተብለው ከሥራ ተባረሩ፣ ከመሥሪያ ቤቱ ቤትም ወጡ። "አልጋውን ከእናቴ ጋር ተሸክመን ስንወጣ፣ ጎረቤት በር ላይ ቆሞ ያየን ነበር" አሉኝ። የነጂው የልጅ ልጅ መሆኔን እያወቁ... ሰዓቱን አይተዋል እኮ።

ጥቅምት 10
እማዬን ጠየቅኳት። ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋው ቆመ።

"ማን ነገረህ?"

ውሸት ነው አላለችም። ማን ነገረህ አለች።

አያቴ አልጋ ላይ ሊሞት ሲል ነግሯታል። ፋኖሱን አይቷል። አለቃው "መጀመሪያ ያየው ማነው?" ሲል "እኔ ነኝ" አለ። ለጉራ ያህል። በማግስቱ ዘበኛው መባረራቸውን ሲሰማ ቃሉን ለማጠፍ አፈረ። ሰዓቱን ተቀበለ።

"ሙት ወቃሽ አትሁን" አለችኝ። "የአባቴን ስም በአደባባይ ልትጎትተው ነው?"

የሴትዮዋንስ አባት ማን ሲጎትት ኖረ?... እራት አልበላሁም።

ጥቅምት 12
ሦስተኛው ምሰሶ ጋ ስደርስ ስለ ሲሚንቶ ብቻ አወራሁ። ማንኮራፋቱን ዘለልኩ። እውነቱንም ዘለልኩ። ፈሪ!

አንዱ ጎልማሳ "ያ የእንቅልፋሙ ዘበኛ ቀልድ የታለ? ወንድሜ ነግሮኝ እኮ ነው የመጣሁት" አለ። ለስንት ሰው አሰራጭቼዋለሁ?

ጥቅምት 16
ጠዋት ለእማዬ "ዛሬ እናገራለሁ" አልኳት። ጀርባዋን ሰጠችኝ። ሰዓቱን መሳቢያ ውስጥ ትቼው ወጣሁ።

አሮጊቷ መጥተዋል። ከነጃንጥላቸው፣ ከሁሉም ኋላ።

ምሰሶው ጋ ቆምኩ። መሬት መሬት እያየሁ ተናገርኩ። ዘበኛው አልተኙም። ባቡሩን ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ነጂው አያቴ ነው፣ የሳቸውን ሥራ የኔ ነው ብሎ ተሸለመ። እኔ ደግሞ ቆሜ ሳስቅባቸው ኖርኩ።

ማንም አልሳቀም። ቀና ብዬ አየኋቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ያለቅሳሉ፣ አቅፈው ይቅር ይሉኛል ብዬ ጠብቄ ነበር... ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

"ልጄ" አሉ። "ያን ቀን ስታንኮራፋ ድምፅህ እስከ ወዲያኛው ዳር ይሰማ ነበር። አሁን እዚህ ኋላ ያለነው ምንም አልሰማንም።"

ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ጮክ ብዬ ከመጀመሪያው ደገምኩት።