ጉም በሌለበት ወር ኑ

ደባርቅ፣ ኅዳር 12 ቀን 1974 ዓ.ም.

ለልጄ ለያርጋል አገኘሁ
አዲስ አበባ

ልጄ ያርጋል፣ እንዴት ከርመሃል? ምራቴ ውቢትስ እንዴት ናት? ልጆቹስ፣ ስጦታና ባዘዘው? እኔን ከጠየቅህ ከጉልበቴ በቀር ሁሉም ነገሬ በቦታው ነው። ጉልበቴ ደባርቅን አልወደዳትም፤ እኔም አልወደድኳትምና አልፈርድበትም።

ደብዳቤህ በጥቅምት መጨረሻ ደረሰኝ። ራሴ አነበብኩት። ድሮ የጎረቤቴ የጤናዬ ልጅ ሲያነብልኝ ክፉውን ቃል እየዘለለ ደጉን ይደጋግምልኝ ነበር፤ ያኔ ልጄ እንዴት ያለ አንደበተ ርቱዕ ነው እል ነበር። መሠረተ ትምህርት ገብቼ ፊደል ከቆጠርኩ ወዲህ ግን የሚዘለል ነገር የለም። «ልጆቹ ትምህርት የሚዘጋላቸው በክረምት ስለሆነ በመጪው ነሐሴ ደግመን እንመጣለን» ትላለህ። ስጦታም ከሥር በራሷ እጅ «እማማ፣ የቤተሰብ ሳፋሪ ልናደርግ ነው፤ በዚህኛው ግን ዋልያ አሳዪን» ብላ ጨምራለች። ሳፋሪ የሚለውን ቃል አንድ አንድ ፊደል እየለቀምኩ ካነበብኩ በኋላ ምን ማለት እንደሆነ ዋሴን ጠየቅሁት። ዋሴ ያው የድሮው ጎረቤታችን፣ ዛሬ የፓርኩ ዘበኛ የሆነው ነው።

«አውሬ ለማየት አገር ማቋረጥ ነው» አለኝ።

«እኛ እኮ አገር የምናቋርጠው አውሬ ላለማየት ነበር» ብለው በሳቅ ፈነዳ።

መልሴን አስቀድሜ ልንገርህ። በነሐሴ አትምጡ።

ያለፈውን ነሐሴ አልረሳኸውም። አውቶቡሱ ዳባትን አልፎ ጭቃ ውስጥ ሰጠመ፤ ተሳፋሪው ሁሉ ወርዶ ሲገፋ የውቢት አንድ እግር ጫማ እዚያው ተቀብሮ ቀረ። ደባርቅ ስትገቡ ፍልሰታ ነው። በግ አላርድ፣ ቅቤ አላነጥር፤ ስንት ዓመት ለጠበቅኋቸው የልጅ ልጆቼ ያቀረብኩት ሽሮ ነው። ባዘዘው ሰሃኑን አይቶ «እማማ፣ እዚህ አገር ዶሮ የለም?» ቢለኝ «አለ፤ እሱም እየጾመ ነው» አልኩት። ከዚያ ልጆቹን ይዘህ ከዋሴ ጋር ፓርኩ ውስጥ ድንኳን ልትተክል ወደ ሳንቃ በር ወጣህ። ስትመለሱ ልብሳቸው ውሃ ያንጠባጥባል፣ ባዘዘው ያስላል። ምን አያችሁ ብላቸው ስጦታ አንገቷን ደፋች። ባዘዘው ግን «ጉም አየን! በጣም ትልቅ ነው፤ ግን አይነክስም» አለኝ።

ያን ዕለት አብሬያችሁ ስቄያለሁ። ከሄዳችሁ በኋላ ግን ሳቁ አለቀና ነገሩ ቀረኝ። አንተ የሰሜን ልጅ ነህ። በነሐሴ ገደል አፋፍ ላይ የቆመ ሰው የራሱን እግር እንደማያይ እያወቅህ አደግህ። ትምህርት የሚዘጋው በክረምት ብቻ እንዳልሆነም ታውቃለህ። ታዲያ ይህን ሁሉ ምን አስረሳህ? ብዬ ዋሴን ያዝኩት።

«እትዬ፣ ይተዉኝ፤ ከያርጋል ጋር አያጣሉኝ» አለ።

«ከያርጋል ጋር የምጣላው እኔ ነኝ። አንተ ብቻ ተናገር።»

«አንድ ጠዋት ጉሙ ገለጥ ብሎ ነበር። ቁልቁል እስከ አስታ በር፣ እስከ ድሮው ቀያችን ድረስ ጥርት ብሎ ይታያል። ልጆቹን ልቀስቅሳቸው ብዬ ወደ ድንኳኑ ስሮጥ ያርጋልን ደጅ ቆሞ አገኘሁት። ‹ተዋቸው፣ ይተኙ› አለኝ። ከዚያ ጉሙ ተመልሶ እስኪዘጋው ድረስ ብቻውን ቆሞ ያይ ነበር።»

ልጄ፣ ወሩን ለምን እንደመረጥከው ያን ጊዜ ገባኝ። ጉሙ ሲገለጥ የሚታየው ዋልያ ብቻ አይደለም። አስታ በርም ይታያል። የቤታችን ድንጋይ፣ አውድማው፣ አባትህ ያረፈበት ቤተ ክርስቲያን ይታያል። ልጅ ደግሞ ጠያቂ ነው። ይህ የማን ቤት ነበር? ሰዎቹስ የት ሄዱ? ማን ተነሡ አላቸው? ይላል።

ስለዚህ ነገር በወረቀት ብዙ አልናገርም፤ ወረቀት እስኪደርስህ ብዙ ሰው ያገኛል። ግን አንተም ታውቃለህ፣ እኔም አውቃለሁ። በሰባ አንድ ዓመተ ምሕረት ለዋልያው ሲባል ተነሡ ሊሉን የመጡትን ሰዎች አገሬው አልሰማም ብሎ በትሩን ተመርኩዞ ቆሞ ነበር። አንተ ከኋላቸው ከበቅሎ ስትወርድ ግን ሁሉም በትሩን ዝቅ አደረገ። «ይህማ የአገኘሁ ልጅ ነው» ተባለ። «ደባርቅ አጠገብ ከዚህ የተሻለ መሬት ይሰጣችኋል፤ ልጆቻችሁም ይማራሉ» አልክ። ያመንንህ ስለተማርክ አይደለም፤ የእኛው ስለሆንክ ነው። የተሰጠን መሬት ውሃ የሚተኛበት ረግረግ ሆነ። ገብሱ ሳያሽት በሰበሰ። ገበያ ስወጣ ዛሬም «የልጅሽ መሬት ምን አበቀለ?» የሚለኝ አላጣም።

አንተም የነገሩህን እንደነገርከን አውቃለሁ። ሳያታልሉህ አልቀሩም። ግን አንድ ቀን መጥተህ «እናቴ፣ እኔንም እንዲህ ብለው አታለሉኝ» አላልከኝም። ሰው በመጣ ቁጥር ስኳር ትልክልኛለህ።

አሁን ደግሞ የማታውቀውን ልንገርህ። የወጣን ዕለት፣ ከብቱ ፊት ፊት ሲነዳ፣ ደጃፌ ላይ ቆሜ ራሴን ገዘትኩ። «ልጄ ያርጋል እጄን ይዞ ካልመለሰኝ በቀር ይህን ደጅ ብረግጥ እንደ አርዮስ የተወገዝኩ ልሁን» አልኩ። አገር ሁሉ ሰማኝ። ከዚያ ወዲህ በአባትህ መቃብር ላይ አንድ ጧፍ አላበራሁም። ሌላው ሙታኑን ሊያስብ ሲወጣ እኔ ደባርቅ ቁጭ ብዬ የወጡትን እጠብቃለሁ። ባለፈው ነሐሴ ከልጆቹ ጋር ልትወጣ ስትዘጋጅ መቼም ሳይጠራኝ አይሄድም ብዬ ነጭ ነጠላዬን ለብሼ ደጅ ተቀምጬ ነበር። «መንገዱ ያዳልጣል፤ አንቺ ቅሪ» ብለኸኝ ሄድክ። ለምን ነጭ እንደለበስኩም አልጠየቅህ።

ጥፋቱ ሁሉ ያንተ እንዳይመስልህ፤ ያልተነገረህን ከየት ታውቃለህ። ዛሬ ሚካኤል ነውና ከቅዳሴ በኋላ የነፍስ አባቴን አባ ሀብተ ሚካኤልን ጠብቄ ግዝቴን እንዲፈቱልኝ ለመንኳቸው። ምን ብዬ እንደተገዘትኩ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። መስቀላቸውን ይዘው መልሰው ጠየቁኝ።

«ማንጠግቦሽ፣ በዚህ ቃል የገዘትሽው ራስሽን ነው ወይስ ልጅሽን?»

«ሁለታችንንም ሳይሆን አይቀርም፣ አባቴ።»

«እሱ ሳይሰማ?»

«ልጄ አይደል፤ ልቡ ይነግረዋል ብዬ ነው።»

«ሳይነግሩት የሚያውቅ እግዚአብሔር ብቻ ነው» አሉኝ። «ለመሆኑ ቂሙንስ ትተሽዋል?»

«ግዝቱን እርስዎ ይፍቱልኝ፤ ቂሙን ቀስ እያልኩ እኔው እፈታዋለሁ» ብላቸው መስቀላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። ለጉልበቴ አዝነው ስግደቱን ቢቀንሱልኝም ጾሙን ጨመሩብኝ። ከዚያ እግዚአብሔር ይፍታሽ አሉኝ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ወደ አስታ በር ለመሄድ የማንንም እጅ አልጠብቅም።

ወሩን መርጫለሁ። ጥምቀት አልፎ፣ የመንፈቁ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ በጥር መጨረሻ ኑ። ውቢት ከመስቀል በኋላ አበባው እንደሚያምር ከመጽሐፍ አንብባ ነግራኛለች፤ እውነቷን ነው፤ ሆኖም ልጆች ደብተራቸውን በሸፈኑ ማግስት ከትምህርት ገበታ አይነሡም። ለፋሲካ የሚሰጣቸው ዕረፍት መንገድ ላይ ያልቃል። ግንቦት እንዳልል ስጦታ የስድስተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ፈተና ደርሶባት መጽሐፍ ላይ የምትደፋበት ጊዜ ነው፤ አገሩም ያኔ በአቧራ ይጨፈግጋል። በጥር ግን ሰማዩ የታጠበ ነው። መንገዱ ደርቋል፤ አውቶቡሱ ሳይገፋ ይገባል። ነነዌም ገና ስላልገባ በጉ ይታረዳል፤ ባዘዘውም የዚህን አገር ዶሮ ያያል። ውርጭ መኖሩን አልክድም፤ ጠዋት ሣሩ ጨው የተነሰነሰበት ይመስላል። ለዚያ የሚሆን ለሁለቱም ባና ፈትዬ አሠርቻለሁ። ውቢት የምትፈራው ለፈተናው ከሆነ ስጦታ መጽሐፏን ይዛ ትምጣ፤ ማታ ማታ እኔም ከጎኗ ተቀምጬ አነባለሁ፤ ከሁለታችን ማን እንደሚቀድም እናያለን።

ደግሞ ዋልያው። ሣሩ ሲደርቅ ዋልያ ጨው ፍለጋ ከገደሉ ይወጣል። የት እንደሚሄድ ልንገርህ? እኛ በረት ውስጥ ነው። ከብቶቻችን ዘመን ሙሉ ያደሩበትን አፈር ይልሰዋል። ዋሴ በዐይኑ አይቷል፤ ትልልቆቹ ወንዶች ቀንዳቸውን ከካቡ ድንጋይ ላይ አሳርፈው በጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ አለኝ። መጀመሪያ ስሰማ አንጀቴ አረረ። ጤናዬማ እንደ ልማዷ አልማረችኝም። «ለዋልያ ሲሉ ከቤትሽ አስወጡሽ፤ አሁን ደግሞ እንግዳ ሆነሽ ዋልያ ልትጠይቂ ትሄጃለሽ?» አለችኝ። «አዎን፣ ቤቴን እንዴት አድርጎ እንደያዘልኝ ልየው» አልኳት። ኋላ ሳስበው ዋልያው ምን አደረገ? እሱ ተነሡ አላለንም። ስጦታ ማየት የምትመኘው እሱን ነው፤ ካየችው አይቀር በአያቷ በረት ትየው።

በል እንግዲህ የይለፍ ወረቀታችሁን ከቀበሌያችሁ አስቀድማችሁ አውጡ፤ ዘንድሮ ጎንደር ላይ ሳያዩ አያሳልፉም። የአገሩንም ነገር ሰው በጆሮህ ይንገርህ፤ እኔ የምለው ዘንድሮ መንገዱ ክፍት ነው፣ ለከርሞ አላውቅም ነው። ለከርሞ የሚባል ነገር እንዳትጽፍልኝ። ዋሴ ለእኔና ለልጆቹ በቅሎ ይዞ ይጠብቃል፤ ነግሬዋለሁ፣ ተስማምቷል። አንተ ሥራ በዛብኝ ካልክ ልጆቹን ከእናታቸው ጋር ስደዳቸው። ብትመጣም ባትመጣም ይዣቸው እወርዳለሁ።

እዚያ ስንደርስ መጠየቃቸው አይቀርም። አንተ አጠገባቸው ካለህ እኔ አፌን እይዛለሁ፤ መልሱ ያንተ ነው። እውነት ይሁን እንጂ እንዴት እንደምትነግራቸው አንተ ታውቃለህ፤ አላርምህም። ከሌለህ ግን የምነግራቸው እኔ ነኝ። እኔ ስናገር ደግሞ ምሬቴ ከቃሌ እንደሚቀድም አንተው ታውቀዋለህ። ልጆችህ አባታቸውን ከእኔ ምሬት ባይማሩት እወዳለሁ።

ግዝቱ ተፈቷልና እጅሽን ልያዝ ብለህ እንዳትጨነቅ፤ ከእንግዲህ ግዴታ የለብህም። ቁልቁለቱ ግን ያው እንደምታውቀው ነው።

ውቢትን በቤቷ ያቆይልህ፣ ልጆቹን በጥበብና በቁመት ያሳድግልህ። አንተንም አባትህ ያረፈበት ደጅ ያለው አምላክ በቀና መንገድ ያምጣህ።

እናትህ
ማንጠግቦሽ