ከሳሎኔ የተወሰዱት

ለውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ያ ጉልበትሽስ ደረጃ መውጣት አስቻለሽ ወይ? እኔ በአካል ደኅና ነኝ፤ ሐሳብ ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። ይህን ደብዳቤ በፖስታ ያልላክሁት ወድጄ አይደለም። ያመጣችልሽን ሴት አምናታለሁ፤ ከእሷ ሌላ ሰው ፊት እንዳታነቢው።

ባለቤቴና የወንድሜ ፓርቲ ኮሚቴ ሰዎች ሳሎኔ ውስጥ እንደተቀመጡ ተይዘው ከተወሰዱ ወር ሊሞላ ነው። እስር ቤት ልብስ ሳደርስ ይቀበሉኝና በሩን ይዘጉብኛል። በሕይወት መኖሩን እንኳ የሚነግረኝ አጣሁ።

ወንድሜን በሬዲዮ ሳትሰሚው አትቀሪም። ከማተሚያ ቤት ተባሮ እኔ ቤት ያድር የነበረው ልጅሽ፣ ዛሬ የሕዝቤ ልጆች ታሰሩብኝ ሲል አገር ያለቅሳል። ፓርቲውን ሲመሠርት አርማውን የሰፋሁለት እኔ ነኝ። ሁለቴ ታስሮ ሲፈታ ሰው በትከሻው ተሸክሞት አይተሻል። አሁን ደግሞ መንግሥት ለድርድር ጠርቶታል፤ ሚኒስትር ሊሆን ነው እየተባለ ይወራል። እንኳን ደስ ያለሽ ልልሽ ነበር፣ አፌ እምቢ አለኝ።

ማን አሳልፎ ሰጣቸው ብዬ ያልጠረጠርኩት ሰው የለም። መጀመሪያ የወንድሜን ምክትል ጠረጠርኩ፣ ያን ምላሰ ቅቤ። ለካ እሱም አብሮ ታስሯል። ቀጥሎ መስኮት ላይ ተተክላ የምትውለውን ጎረቤቴን ሰላምታ ነሳኋት። ምስኪን፣ ያን ሰሞን ልጇ ወልዳ እሷን ልታርስ ሄዳ ከተማ ውስጥም አልነበረች። ስብሰባው እኛ ቤት እንዲሆን የተወሰነው ደግሞ ሰዎቹ በተያዙበት ቀን ጠዋት ነው። ወንድሜ ራሱ መጥቶ ነገረን። ከሰዓት ግን ራሴን አመመኝ ብሎ ቀረ። እሱን እንኳ ፈጣሪ አወጣልኝ ብዬ አልቅሻለሁ፣ እኔ ሞኟ።

ትናንት ሊጠይቀኝ መጣ፤ ካፖርቱም ሹፌሩም አዲስ ናቸው። ባሌን አስፈታልኝ ብዬ ብለምነው ጊዜው ከባድ ነው፣ ታገሺ አለኝ። ዓይኔን ሳያይ፣ ሳይቀመጥ ሄደ።

እማዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በእኔ ሞት እውነቱን ንገሪኝ። ሰዎቹ በተያዙበት ቀን ዋዜማ ወንድሜ መኪና ልኮ ልጆቼን ወደ አንቺ ወሰዳቸው። እናታችን የልጅ ልጆቿ ናፍቀዋታል፣ ዛሬውኑ ካላየኋቸው ብላ ልካብኛለች አለኝ። እውነት ልከሽበት ነበር?

ልከሽበት ከሆነ ቶሎ ጻፊልኝ፤ እግሩ ላይ ወድቄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ። ካልላክሽበት ግን ምንም አትጻፊልኝ። ልጆቹን እዚያው ያዥልኝ፤ መኪና ቢልክ አትስጪው።

ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፤ ከክፉ ሁሉ ይሰውርሽ።

ሴቷ ልጅሽ