ከፓርኪንጉ ጀርባ ያለው ጥሻ

ውድ ወንዳፍራሽ፣

እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሰው በር ላይ ቆሞ ሲጨዋወት ወንድም ሕሩይ እጄን ጨበጠና «ተባረኪ! ወንዳፍራሽ ጥሩ አድርጎ ነው ያስተማረሽ» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮህን አሳየኝ። እኔ ነኝ፤ እስከ ደረቴ ጭቃ በጭቃ ሆኜ፣ የአጋዘን ቀንድ ተሸክሜ። ከሥሩ «የቡድናችን የዓመቱ ትልቁ አጋዘን» ተብሎ ተጽፏል። ስሜ የለም። አንተ ሦስት ሰው ወዲያ ቆመህ የሰዉን ምርቃት ትቀበል ነበር። እኔ «አሜን» ብዬ ወደ መኪናዬ ሄድኩ። ሎረንስቪል ቤቴ እስክደርስ መሪውን አንቄ ይዤ ነው የነዳሁት።

እዚያ ያልተናገርኩትን ነው አሁን የምጽፍልህ። የአክስቴ ልጅ ስለሆንክ፣ አንድ ቤት ውስጥ ስላደግን፣ ሁሉም ሰው ዝም እንድል ይጠብቃል። አልችልም። አንተ ነገሩን ሁልጊዜ ከመሃሉ ስለምትጀምረው እኔ ከመጀመሪያው ልጀምር።

ከአራት ዓመት በፊት ወደ ጫካ የወሰድከኝ አንተ ነህ፤ ይህን አልክድም። አብሮህ ሊሄድ የነበረው ጓደኛህ ሳይመጣ ሲቀር «ራኪ፣ ነይ፣ ትርፍ ቀስት አለኝ» አልከኝ። ፍላጻ እንዴት እንደሚደገን፣ ገመዱ እንዴት እንደሚሳብ አሳየኸኝ። ክንዴን ሁለት ሳምንት አመመኝ። አመሰግንሃለሁ። ከዚያ በኋላስ ምን አስተማርከኝ?

ጫካው የሕዝብ ነው፤ ፈቃድ ያወጣ ሁሉ ይገባበታል። ቅዳሜ ጠዋት አርባ መኪና እንቆጥር ነበር። አንተ ስልክህ ላይ ካርታ ትከፍትና «ሰው የማይደርስበት እንሂድ» ብለህ ሁለት ማይል ታስኬደኛለህ። ስንደርስ ሌሎቹም ያንኑ አስበው ቀድመውን ዛፍ ላይ ወጥተዋል። ሁለት ዓመት ሙሉ እንዲህ ሆነ። አንዲት አጋዘን እንኳ ቀስት በሚደርስበት ርቀት አልቀረበችንም። አንተ ጥፋቱን በጨረቃው፣ በሙቀቱ፣ በእኔ ሳል ታሳብብ ነበር።

እኔ የምሠራበት የአረጋውያን ነርሲንግ ሆም ኦፍ የሚሰጠኝ ማክሰኞና ረቡዕ ስለሆነ ብቻዬን መሄድ ጀመርኩ። አንድ ረቡዕ ጫማዬ ተረከዜን ልጦኝ መራመድ አቃተኝና ከመኪናዬ ሳልወርድ ቀረሁ። ረፋዱ ላይ አዳኞቹ አንድ በአንድ ከጫካ ወጡ፤ በር እየደረገሙ፣ እየተሳሳቁ ሄዱ። የመጨረሻው መኪና እንደወጣ ከፓርኪንጉ ጀርባ፣ በአስፋልቱና በጅረቱ መሃል ካለችው ጥሻ ውስጥ አንድ ጆሮ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ከዚያ ሌላ ጆሮ። ሦስት አጋዘኖች ተነሥተው ተንጠራሩና ቅጠል መቀንጠብ ጀመሩ። የያዝኩትን ሳንድዊች ማኘክ ረሳሁ። ጠዋቱን ሙሉ እዚያው ተኝተው ነበር፤ እኛ ሁላችንም አጠገባቸው መኪና አቁመን ልንፈልጋቸው ሁለት ማይል እንርቃለን።

ወዲያው ደወልኩልህ። ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ራኪ፣ እሱ እኮ ሰው ሽንቱን የሚሸናበት ቦታ ነው!» ስቀህ ስቀህ ዘጋኸው።

እኔ አልሳቅኩም። የአደኑ ወቅት ካለፈ በኋላ፣ ቅጠሉ ረግፎ መሬቱ ሲታይ፣ ገብቼ የተኙበትን ሣር፣ የሚሄዱበትን ዱካ፣ የሚፋተጉበትን ግንድ አንድ በአንድ አየሁ። ነፋሱ ከጅረቱ ወደ አስፋልቱ ሲነፍስ ጠረኔ ወደ መኪኖቹ እንደሚሄድ፣ ሲገለበጥ ግን ገና ሳልቀመጥ እንደሚሸሹኝ ተማርኩ። ነፋሱ ስላልተመቸኝ ብቻ ቀስቴን ከመኪና ሳላወርድ የተመለስኩባቸው ቀናት ብዙ ናቸው። አንድም ቀን አብረኸኝ አልነበርክም።

በቀጣዩ የአደን ወቅት፣ ጥቅምት ላይ አንዲት ሴት አጋዘን በአሥራ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ ጎኗን ሰጥታኝ ቆመች። ፍላጻውን ለቀቅኩት። ስልሳ እርምጃ ያህል ሮጣ ወደቀች። መጀመሪያ የደወልኩት ላንተ ነው። ኮንየርስ ከምትሠራበት መጋዘን ሥራህን አቋርጠህ መጣህ፤ አቀፍከኝ፤ ዓይንህ እንባ አቅርሮ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ከሁላችንም ትበልጫለሽ» አልከኝ። ያንን አልረሳሁም። ችግሩ ከእኔ ሌላ የሰማህ ሰው አለመኖሩ ነው። ሥጋውን ለእናትህ ስንወስድ እቴቴ አበዛሽ «ማነው ያረደው?» አሉ። «እኔ ነኝ» ስላቸው «አንቺ? ውሸታም!» ብለው ሳቁና በሽንኩርትና በቃሪያ ጠብሰው ሁለቴ ጨምረው በሉ። ያን ቀን ቀና ብለህ «አዎ፣ እሷ ናት» ልትላቸው ትችል ነበር። ጉርሻህ ላይ ነበርክ።

ታዲያ አምና መስከረም ላይ የመጀመሪያውን ቪዲዮ ስትሠራ ምን ነካህ? የተደገፍከው እኔ የምደገፈውን ግንድ ነው። «ከብዙ ጥናት በኋላ ያገኘሁት ቦታ» አልክ። «የአክስቴን ልጅ ያስለመድኳትም እኔ ነኝ» አልክ። ይሁን፣ እሱን እንኳ ልዋጠው። ከጀርባህ ግን የፓርኪንጉ ሰሌዳ ከነስሙ ይታያል። አሥራ አንድ ሺህ ሰው አየው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ጥሻው ውስጥ የመጠጥ ቆርቆሮ ተጥሎ፣ ዛፉ ላይ ሚስማር ተመትቶ፣ ፍላጻ እንዲያሳልፍ ተብሎ ቁጥቋጦው ተመንጥሮ አገኘሁት፤ መቁረጥ ክልክል መሆኑ እዚያው ሰሌዳ ላይ ተጽፎ እያለ! አንድ ጠዋት የኳስ ሜዳ በማታህል በዚያች ቦታ ውስጥ አምስት ሰው ቆጠርኩ። አጋዘኖቹ ጠፉ።

እስካሁን የሚያንገበግበኝ ግን ይህ አይደለም።

ጥቅምት አጋማሽ ላይ ጅረቱ ዳር አሞራ ሲዞር አይቼ ሄድኩ። ሴት አጋዘን ናት። ፍላጻው ሆዷ ውስጥ ቀርቷል። ከተመታች ሁለት ቀን ሳይሆናት አይቀርም፤ በዚህ አገር ሙቀት ሥጋዋ የሚነካ አልነበረም። የደረቀው ደሟ ከጥሻው ጀምሮ ቅጠሉ ላይ ይታያል፤ ልጅ እንኳ ሊከተለው ይችላል። ማንም አልተከተላትም። አፍንጫዋ ውሃው ጫፍ ላይ ነበር። ፍላጻው ላይ ስም ተጽፏል፤ አቤኔዘር። የእኛው የሊቶኒያው አቤኔዘር፣ ኡበር የሚነዳው፣ የሁለት ልጆች አባት። ደወልኩለት።

«መትቼ ነበር፤ ሮጠችብኝ» አለኝ ደንግጦ። «ሥራ ነበረብኝ። ደግሞ ወንዴ በቪዲዮው ላይ ‹ከሮጠች ተዋት፣ ሌላ ትመጣለች› ብሏል።»

ዘግቼ ቪዲዮውን እንደገና አየሁት። እውነትም ብለሃል። እየሳቅክ።

ያን ዕለት ስደውልልህ የተነጋገርነውን አንድ ቃል ሳልጨምር ልጻፈው።

«ቀልድ እኮ ነው፣ ራኪ።»

«አቤኔዘር ቀልድ መሆኑን አላወቀም።»

«አቤኔዘር ትልቅ ሰው ነው።»

«ቪዲዮውን አንሣው፣ ወንዴ። እባክህን።»

«ዩ ኖው፣ ቦታው የሕዝብ ነው፤ የአንቺ አይደለም። ስሜ አልተጠራም ብለሽ ከሆነ በሚቀጥለው ታግ አደርግሻለሁ።»

ታግ! አንዲት እንስሳ ሆዷ ተበስቶ ተሰቃይታ ሞታ የተሰጠኝ መልስ ታግ ነው! ጫካው የሕዝብ መሆኑን መቼ ካድኩ? ፈቃድ ያለው ሁሉ ይግባ፣ እኔም የገባሁት በዚያው ፈቃድ ነው። የጠየቅኩህ ያልሠራኸውን ሠራሁ እንዳትል፣ የማታውቀውን እንዳታስተምር ብቻ ነው። አንተ እኮ እስከ ዛሬ አንድም አጋዘን መትተህ አታውቅም፣ ወንዳፍራሽ። የደም ዱካ የተከተልከውም እኔ የመታኋትን አጋዘን ብቻ ነው።

ለእቴቴ አበዛሽ ነገርኳቸው። «ተይው ልጄ፣ ወንድምሽ አይደል? ከልጅነቱም ስም ይወዳል» አሉኝ። «እሺ» አልኳቸው። ከልጅነትህ እንዲህ ስለሆንክ እኛም ከልጅነታችን ጀምሮ እሺ ስንል ኖርን።

ዘንድሮ ግን ጫካውን ላንተ ለቅቄ ቤቴ ልቀመጥ? ምን በወጣኝ! ሦስት ማክሰኞ ቀስት ሳልይዝ ሄጄ ፓርክ አደረግኩና መኪናዬ ውስጥ ተቀመጥኩ። የማየው አጋዘን አልነበረም፤ ሰው ነበር። ማን በየት በኩል ይገባል፣ ስንት ሰዓት ይወጣል፣ ሰው የማይሄደው ወዴት ነው። ከቪዲዮህ በኋላ ሁሉም በጥሻው በኩል ነው የሚገባው። ጅረቱን ግን የሚሻገር አንድም ሰው አላየሁም፤ ውሃው ደረት ይደርሳል፣ ማዶው ረግረግ ነው። እኔ አጋዘን ብሆን ከዚህ ሁሉ ግርግር ሸሽቼ የምሄደው እዚያ ነው ብዬ አሰብኩ።

እስከ ደረት የሚደርስ የጎማ ሱሪ ገዛሁ። ባለፈው ረቡዕ ጎህ ሲቀድ ቀስቴን ከራሴ በላይ ይዤ ተሻገርኩ። ረግረጉ መሃል ሳሎኔን የምታህል ደረቅ መሬት አገኘሁ፤ በአጋዘን ትኩስ ፋንድያ ሞልታለች። ነፋሱን ፊቴ ላይ አድርጌ ግንድ ተደግፌ ተቀመጥኩ። ከማዶ የመኪኖች በር ሲዘጋ፣ ሰው ሲያስል፣ ቅርንጫፍ ሲሰበር ይሰማኛል። ብዙም ሳይቆይ የውሃ ድምፅ ሰማሁ። ባለ ስምንት ጫፍ ቀንድ ወንድ አጋዘን ነው፤ ወደ ኋላው፣ ወደ እናንተ እያየ ውሃውን ተሻግሮ መጣ። ከፊቱ እኔ መኖሬን አላወቀም። በአሥራ አራት እርምጃ ፍላጻውን ለቀቅኩበት። ሲወድቅ ከተቀመጥኩበት ይታየኝ ነበር። እንኳን ሊሰቃይ፣ ምን እንደነካው ያወቀም አይመስለኝም። አልቅሼ አመሰገንኩ። ሥጋውን ከፋፍዬ ውሃውን ሦስት ጊዜ ተመላለስኩበት።

የመጨረሻውን ሸክምና ቀንዱን ይዤ ስወጣ አንተና አቤኔዘር ፓርኪንጉ ላይ ቆማችኋል። አቤኔዘር ሳይጠየቅ ሮጦ ሸክሙን ተቀበለኝና «ያቺን አጋዘን እስካሁን አስባታለሁ፤ ይቅርታ፣ እህቴ» አለኝ። አንተ ስልክህን ደገንክብኝ።

«ጋይስ፣ ቡድናችን ያደረገውን ተመልከቱ!»

«አጥፋው፣ ወንዴ።»

«አንድ ደቂቃ፣ ፈገግ በይ። የት ነው ያገኘሽው?»

«እዚያ» ብዬ ጫካውን ሁሉ በእጄ አሳየሁህ። አንተም ያንኑ ቪዲዮ ፖስት አደረግከው።

አሁን ስማኝ። ሐሙስ ታንክስጊቪንግ ነው፤ ሁላችንም እቴቴ አበዛሽ ቤት ነን። የአጋዘኑን ጭን ይዤ እመጣለሁ፤ አንተም ብላ፣ አልከለክልህም። እስከዚያ ድረስ ሁለቱንም ቪዲዮ አንሣ። «ከሮጠች ተዋት» ብለህ ያስተማርካቸውንም ሰዎች ስህተት ነበር በላቸው። ከዚያ ማዕዱ ላይ፣ እናትህ ፊት፣ ቦታውን ማን እንዳገኘው በራስህ አፍ ተናገር። ካልተናገርክ እኔ ጫማዬ ከላጠው ተረከዜ ጀምሬ እናገራለሁ፤ እቴቴም «ተይው» ቢሉኝ በዚህ አንድ ቀን አልታዘዛቸውም።

አድፍጣ ያዘችኝ እንዳትል ነው ደብዳቤውን ያስቀደምኩት። አጋዘንን ተደብቄ እጠብቃለሁ፤ ለሰው ግን ከየት እንደምመጣ ቀድሜ እነግረዋለሁ።

የአክስትህ ልጅ
ራኬብ