የገንዳው ውሃና የሐጋር ድምፅ

እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

ሥራ በዛ ዛሬ። የአረጋውያኑ ቤት አንሶላ ቢታጠብ ቢታጠብ አያልቅም... ስመለስ ሐጋር ሶፋው ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ዩኒቨርሲቲ የምትማር ልጅ፣ እንደ ድመት! ምን ሆንሽ? ፊቷን ወደ ሶፋው አዞረች። ሾርባ ልስጥሽ? ትራሱን ራሷ ላይ ጫነች።

በኋላ ነገረችኝ። በዕብራይስጥ፣ ያውም በሹክሹክታ። ረቡዕ ሳምንት ጥናቷን በፕሮፌሰሮች ፊት ታቀርባለች። ባለፈው ጊዜ ድምፅዋ ጠፍቶ ከኋላ የተቀመጡት አልሰማንም ብለዋታል። አሁንም ከጠፋ ትምህርቱን እተዋለሁ አለች። ያን ሁሉ ዓመት ለፍታ!

በዚህ አፌ እንዴት ዝምተኛ ልጅ ወለድኩ? በአባቷ ነው የወጣችው።

ሰኞ፣ ጃንዋሪ 12

ሽኩና ጊሜል የሚባለው ሰፈር፣ አባቴ ጋ ሄድኩ። ልጄን ይመርቁልኝ አልኳቸው። ሥራዋ ምንድን ነው? አሉ። እ... ሰማይ ላይ ጥቁር ጉድጓድ አለ፣ ብርሃን ይውጣል፣ ስለሱ ነው አልኩ። ከዚያ ወዲያ ምን ልበል?

"ያላወቅሁትን ሥራ አልመርቅም" አሉ። "ራሷ መጥታ በአማርኛ ትንገረኝ።"

ጆሯቸው ደግሞ አይሰማም። የጆሮ መሣሪያቸውን መሳቢያ ውስጥ ከተውታል። ዓለሙ ሲጮህ ምን ያደርግልኛል ይላሉ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 13

ዕቃ ሳጥብ ሐጋርን ያዝኳት። ሰማይ ሳትወጪ የሰማዩን ጉድጓድ በምን ታውቂዋለሽ?

ማንም እዚያ ሄዶ አያይም አለች። ስለዚህ አምሳያውን እዚህ ይሠራሉ። ፈሳሽ ያስሮጣሉ፣ በውስጡ ድምፅ ይለቃሉ። ሰማይ ላይ ከባድ ኮከብ አጠገብ የብርሃን መንገድ እንደሚጎብጥ፣ እዚህ ደግሞ ፈሳሹ ሲሮጥ የድምፁ መንገድ ይጎብጣል። ፈሳሹ ከድምፁ ከፈጠነማ ድምፁን ይዞት ይሄዳል። መመለስ የለም። ጉድጓድ ማለት ያ ነው።

ገባኝ... ወይስ የገባኝ መሰለኝ? ከቧንቧው ሥር ውሃው የሚሠራውን ክብ አሳየኋትና "ይኸው ሠራሁልሽ" አልኩ። ተቃራኒው ነው አለች። ከሷ ጉድጓድ የገባ አይወጣም፤ ከኔ ክብ ደግሞ ከውጭ የመጣ ሞገድ አይገባም። እንግዲያው የኔ የተናኜ ቤት ነው አልኳት። ታች ያለችው ጎረቤታችን በሯን ለሰው ከፍታ አታውቅም።

ሳቀች። ከስንት ጊዜ በኋላ!

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 16

ሰንበት ሊገባ ነው፣ አላበዛም። አባባ መጡ። እስከ ሰኞ እኛ ጋ ናቸው። የጆሮ መሣሪያቸውን ትተውት። አውቀው ይሆን?

እሑድ፣ ጃንዋሪ 18

እስካሁን ቀሚሴ እርጥብ ነው...

ሐጋር የመታጠቢያ ገንዳውን ሞላች። አባባ ከዘራቸውን ይዘው አጠገቡ ተቀመጡ። በሹክሹክታ ጀመረች። አልሰማሁም አሉ። ደገመች። አልሰማሁም። ወደ ዕብራይስጥ ገባች። በአማርኛ! አሉ። ጥላ ትወጣለች ብዬ በሩ ላይ ቆምኩባት።

ከዚያ ጮኸች። "ሳባ! ውሃው ከድምፁ ከፈጠነ ድምፁ አይወጣም!"

በአማርኛ። ሳባ፣ አያቴ ማለቷ ነው፣ ካለችው በቀር ሁሉም። ለኔ እንኳ በአማርኛ መልሳ የማታውቅ ልጅ።

የገንዳውን ውታፍ ነቀለች። ሞገዱን በድምፁ ቦታ ይዩት ብላ ውሃውን በጣቷ ነካ አደረገች። አባባም እጅጌያቸውን ሰብስበው ጣታቸውን ነከሩ። ከዚህ ቢነሳ ይወጣል? ይወጣል፣ እዚህ ውሃው ገና ዝግ ያለ ነው! እዚህስ፣ ቀዳዳው አፍ ላይ? አይወጣም! ድገሚው አሉ። ሞላች። አሁንም ድገሚው። ሦስተኛው ላይ ቧንቧውን የሚዘጋ ጠፋ፣ ሁላችንም እየተጯጯህን...

በሩ ተደበደበ። ተናኜ ናት፣ በሸበጥ። ጣሪያዋ ዘነበባት።

ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ወደ ሐጋር ዞረች። "ደግሞ ድምፁ አይወጣም እያልሽ ትጮሂያለሽ። እኔ ታች ሆኜ አንድ ቃል አላመለጠኝም።"

"አንድም?" አለች ሐጋር።

"አንድም። ውሃሽም ድምፅሽም ደርሶኛል።"

መወልወያ አንስታ አብራን ወለወለች። ተናኜ! አባባ እግራቸው እንደራሰ ተነሡ፣ እጃቸውን የሐጋር ራስ ላይ አኖሩ።

"ድምፅሽን ጎርፍ አይውሰደው። ከኋላ ለተቀመጠው ይድረስ።"

አሜን አልን። ተናኜም፣ መወልወያውን ተደግፋ።

ረቡዕ፣ ጃንዋሪ 21

አባባን ይዤ የዩኒቨርሲቲው አዳራሽ መጨረሻ ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። አሁንም ያለ መሣሪያ። ሐጋር ጀመረች... ድምፅዋ ሲቀጥን ታወቀኝ። ቀና ስትል አባባን አየች። መዳፋቸውን ከጆሯቸው ኋላ አድርገው ወደ ፊት አዘንብለዋል። ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻላት!

"ምን አለች?" አሉኝ አባባ።

እኔ እንጃ፣ እንግሊዝኛ ነው አልኳቸው።

"እኔም አልገባኝ። ግን ደርሶኛል።"

ፕሮፌሰሮቹ አሳለፏት። ቤት ስንደርስ ገና ከታችኛው ደረጃ ላይ ተጣራች፣ ያውም በአማርኛ፣ "እማዬ፣ ሾርባ አለ?" ብላ። የት አባቴ ላምጣ፣ ቀኑን ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ውዬ? አፌን ሳልከፍት ተናኜ በሯን ወለል አድርጋ ከፈተች።

"እኔ ጋ አለ" አለች። "ግቡ።"