በካርታዎ ላይ ስላልገቡት ሰባት ልጆች

ለተከበሩ የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎና ቤተሰብዎ በሙሉ ጤና እንድትገኙ፣ የምትጠጡት ውሃም ንጹሕ እንዲሆን ከልብ እመኛለሁ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል ስላቋረጥኩ በአጻጻፌ ስህተት ቢያገኙ ይቅርታዎን እጠይቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ከእናቴ ጋር ቢሮዎ መጥቼ ነበር፤ ሰው ፊት አንደበቴ ስለሚተሳሰር ግን ከጀርባዋ እንደቆምኩ ተመለስኩ።

አንደኛ፣ ኮሪደሩ ላይ ስለሰቀላችሁት ካርታ እናመሰግናለን። በጣም ያምራል። ብዙ ሕፃናት የሞቱበት መንደር ደማቅ ቀይ፣ ጥቂት የሞቱበት ፈዛዛ ቢጫ ሲሆን፣ አዲስ የውሃ ጉድጓድ የሚቆፈረው ለቀዮቹ እንደሆነ ከግርጌው ተጽፏል። የእኛ መንደር ፈዛዛ ቢጫ ነው። በዚህ ክረምት ከአሮጌው ጉድጓድ ጠጥተው ዘጠኝ ልጆች ሞተውብናል። ጤና ሠራተኛዋ ቤት ለቤት ዞራ መዝግባቸዋለች። የመጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ እስክሪብቶዋ አልቆ የኔን ሰጠኋት። መስመሩ የወንድሜ ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ባለሙያዎ ትሕትና። እናቴን ወንበር ላይ አስቀምጦ፣ ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዙሮ፣ ፕሮግራሙ ከጎረቤት መንደሮች እጅግ የራቀ ቁጥር ሲያገኝ የመዝጋቢ ስህተት ነው ብሎ እንደሚያወጣውና በቦታው የጎረቤቶቹን አማካይ እንደሚተካ በትዕግሥት አስረዳት። አማካዩ ሁለት ነው። እናቴ ስክሪኑን ብዙ ካየች በኋላ፣ «የኔ ልጅ፣ ከዘጠኙ የቆጠራችኋቸው ሁለቱ የትኞቹ ናቸው?» አለችው። ባለሙያዎ ውሃ አቀረበላት። የታሸገ ውሃ ነበር።

ሦስተኛውን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። ከዚያ ቀን ወዲህ ዘጠኙ እናቶች ጉድጓዱ ዘንድ ሲገናኙ ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ እያንዳንዷ ከሁለቱ አንዱ የኔ ይሆናል ብላ ታስባለች። እኔም ውሃ ቀድቼ ስመለስ ከኋላዬ የእግር ኮቴ እሰማለሁ፤ ዞር ስል ማንም የለም። አልፈራም። እንዲያውም ቆም ብዬ ለመቁጠር እሞክራለሁ። ስንት እንደሆኑ ለይቼ ባላውቅም፣ ሁለት ብቻ እንዳልሆኑ ግን እርግጠኛ ነኝ። የምቀዳውን ውሃ የምትጠጣው ታናሽ እህቴ ናት።

ስለዚህ የቁፋሮው ዝርዝር በወሩ መጨረሻ ከመዘጋቱ በፊት፣ ለፕሮግራማችሁ ድካም ካልሆነበት፣ ዘጠኙን ወደ ቦታቸው እንድትመልሱልን በታላቅ አክብሮት እለምናለሁ።

ቀና ብላ ልታይዎ ያልደፈረች፣ በካርታዎ ላይ ግን ያለ ሥጋት የምትኖር፣
የልብስ ሰፊዋ ልጅ

ማስታወሻ፦ የዘጠኙንም ስም አያይዤ ልልክ ነበር፤ እናቶቹ ግን ዘጠኝ ከሆኑ ፕሮግራሙ መልሶ ይጥላቸዋል ብለው ከለከሉኝ። ስለዚህ ዕጣ አውጥተን ሁለት ሁለት እያደረግን እንልካቸዋለን። ዛሬ ከዚህ ደብዳቤ ጋር የአናጢው ሴት ልጅና የዘበኛው ልጅ መጥተዋል። ለወንድሜ የመጨረሻው ዕጣ ደርሶታል፤ ጓደኛ የለውም። ገና አምስት ዓመቱ ስለሆነና ብቻውን ስለሚመጣ፣ እባክዎ በሩን እንዳይዘጉበት።