ብረት ያልሆነው ዘንግ

ውድ ወንድሜ፣

እናታችንን ማክሰኞ ቀበርናት። ለምን እንዳልመጣህ ማንም አልጠየቀኝም፤ ሁሉም የሚያውቀው መስሎታል። አራት ዓመት ሙሉ ከፊቷ የራቅኸው "ታላቄ ተው እያለኝ አሻፈረኝ ብዬ እጄን አጣሁ፤ በምን ዓይኔ አያታለሁ" ብለህ ነው። ተው አላልኩህም። የምጽፍልህ ይህንን ልነግርህ ነው።

ለሁሉ ነገር ማስታወሻ መያዝ ልማዴ እንደሆነ ታውቃለህ። እጅህን ያጣህበትን ቀን ገጽ አውጥቼ አየሁት። ከአሮጌው የብረት ማቅለጫ ፋብሪካ ያነሳነው መዳብ፣ አሉሚኒየም፣ ያረጀ ማርሽ፣ ሁሉም በየዓይነቱ ተጽፏል። ስለ አንተ ያለው "ወንድሜ ተጎዳ" የሚል ብቻ ነው።

የውራጅ ብረት ንግድ ስንጀምር መለያውን ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ብረታ ብረት በሞረድ ሲፍቁት ያብለጨልጫል፤ ሲመቱት ይጮኻል፤ መዶሻ ቢያርፍበት ይለጠጣል እንጂ አይፈረፈርም፤ አንዱን ጫፍ እሳት ላይ ብታደርገው ሌላው ጫፍ እጅህን ይፈጅሃል፤ ኤሌክትሪክም ያሳልፋል። ብረት ያልሆነው ደብዛዛ ነው፣ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ሲመቱት ይደቃል፣ ኤሌክትሪክም አያልፍበትም አልኩህ። አንተም "እንግዲያው አክስታችን ከብረትም በላይ ናት፤ ሳይነኳትም ትጮኻለች" ብለህ አሳቅኸኝ።

በዓመቱ ከእኔ በለጥህ። ዓይንህን ጨፍነህ መዳቡን ከነሐሱ በድምፁ ብቻ ስትለይ ደላሎቹ "ጆሮ" የሚል ስም አወጡልህ። ቢሆንም ስትጠራጠር የምትጠይቀው እኔን ነበር።

ያን ቀን የፋብሪካው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ አንዱ መስመር ገና አልተቋረጠም፣ እስክመለስ ብረት የሆነ ነገር እንዳትነኩ ብሎን ሄደ። የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሟል፤ እኔም ቸኩያለሁ። ከምድጃው አናት ላይ ክንድ የሚያክል ጥቁር ዘንግ ወጥቶ መንገዱን ዘግቶብናል። "ይሄስ?" አልኸኝ። የእንጨት እጀታ ባለው መዶሻ መታ አደረግኩት። አልጮኸም። ጫፉ እንደ ጠመኔ ተፈረፈረ።

"ብረት አይደለም፤ ጎትተው" አልኩህ። ጎተትኸው።

ሆስፒታሉ በር ላይ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው አገኘን። "ካርቦን እኮ ነው፤ ከሰል በለው። ብረት ባይሆንም ኤሌክትሪክ ያሳልፋል። ማነው ንካው ያለው?" አለ። እናታችን አጠገቤ ቆማ ነበር።

"ተው ብዬው ነበር" አልኩ።

አስቤበት አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ። ከወጣ በኋላ ግን በየቀኑ አሰብኩበት፤ በየቀኑም አቆየሁት።

ስትነቃ ያን ቀን ጨርሶ አታስታውስም ነበር። የነገሩህን አመንህ። ክንድህ ከክርኑ በታች ተቆርጦ፣ አልጋ ላይ ሆነህ "ጋሼ፣ ሳልሰማህ ቀርቼ ጉድ አደረግኩህ፤ ይቅር በለኝ" አልኸኝ። ይቅር አልኩህ። ከውሸቱ ይልቅ እንቅልፍ የሚነሳኝ እሱ ነው።

እናታችን በመጨረሻዋ ሳምንት እጄን ይዛ "ያን እምቢተኛ ልጄን ይቅር ብዬዋለሁ በልልኝ" አለችኝ። እውነቱ ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር። በሰላም ትሂድ ብዬ ነው የዋጥኩት ስል ሰንብቻለሁ። እንዲያ አይደለም፤ እኔን እንደወትሮው እያየችኝ እንድትሞት ፈልጌ ነው።

እስከዚህ የጻፍኩትን ትናንት ለአጎታችን አነበብኩለት። "አሁን ምን ይሠራል?" አለኝ። ለሁሉም እነግራለሁ አልኩት። ዘመዱም ጎረቤቱም ከእንግዲህ እውነቱን ይሰማል። እሷ ግን የሄደችው አንተን አጥፊ ብላ ነው፤ ያን የሚያርም የለም።

ይቅርታ አልጠይቅህም። አንድ ጊዜ አንተን ይቅርታ አስጠይቄሃለሁ፤ ይበቃል። መቃብሯ ከአባታችን ጎን ነው። ስትመጣ ቀኑን ለአጎታችን ላክለት፤ መንገድ ላይ እንዳታገኘኝ ያን ቀን እኔ ከቤት አልወጣም።

ታላቅህ